ገመድ ይዤ ወደ ቦንጋ

ከቦንጋ ከተመለስኩ ወዲህ የእድራችን ሴቶች «እስቲ ንገሪን» እያሉ በየተራ ይመጣሉ። አንዷ ስትወጣ አንዷ ትገባለች። ስናገር ግማሹን እዘላለሁ፣ ግማሹን አልቅሼ አበላሸዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩምና ፊደል ብገድፍ አንባቢ ያቃናልኝ። እዚህ ነገሌ ተቀምጣችሁ ቦንጋን ሳታዩ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ፤ እኔም ልጄ ባይታመም ኖሮ አላያትም ነበር።

ልጄ ብሩክ ለሳኝ ነው። ከአሠሪው ጋር ካፋ ወርዶ ቦንጋ ላይ ሕንፃ ሲለስን ከእንጨት መወጣጫው ወደቀና ወገቡ ተጎዳ። ለሕመሙ ትራማዶል የሚሉትን እንክብል ሰጡት። ሕመሙ ሲለቀው እንክብሉ አልለቀው አለ። መድኃኒት ቤቶቹ ያለ ሐኪም ወረቀት አንሸጥም ሲሉት መንገድ ላይ በኪሳቸው ይዘው ከሚዞሩት ይገዛ ጀመር። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም፤ ስልክ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ እማ» ነው የሚለኝ።

የነገረችኝ አከራዩ ወይዘሮ አየለች ናት። እንዲህ ብላ ደወለች፤

«እትዬ አስካለ፣ አይደንግጡ። አብሮት የሚለስነው ተመስገን የሚባል ልጅ በዚሁ እንክብል ሞቷል። ፖሊስ አብረውት የነበሩትን እየፈለገ ነው። ብሩክ ፈርቶ ማንኪራ ጫካ አባቴ ዘንድ ገብቷል። ያንቀጠቅጠዋል፣ አይበላም። ሐኪም ቤት ሂድ ብንለው ያስሩኛል አለ። እናቱ እርስዎ ነዎት፣ ይምጡ።»

አይደንግጡ ብላ ይህን ሁሉ።

የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰ ሁልጊዜ ማታ ማታ እኔ ቤት አረቄ ይጠጣል። አረቄ አውጥቼ የምኖር መሆኔን የነገሌ ሰው ያውቃል፤ በራችን ላይ ጣሳው ተሰቅሏል። የሰማሁትን ብነግረው መለኪያውን አስቀመጠና «ለፖሊስ ስጪው» አለኝ። «ጥቂት ወር ቢቆለፍበት ይፀዳል። እምቢ ካለሽ እጅና እግሩን አስረሽ ጸበል ውሰጂው። እንዲህ ያለው በልመና አይመለስም።»

ሌላ የሚመክረኝ ወንድ የለኝም። ከሱቅ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ገዛሁ። ከቦርሳዬ ሥር አደረግኩት፣ በላዩ በሶና ዳቦ፣ በዳቦው ላይ ነጠላዬን። በሌላው እጄ ለቦንጋ ሰዎች ስጦታ የሚሆን አረቄ በጀሪካን ያዝኩ። ባዶ እጅ አይኬድም።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ተሳፈርኩ። መቂን፣ ሞጆን መቼ እንዳለፍን አላውቅም። ሐሳቤ ሁሉ ገመዱ ላይ ነበር። ከብት አስሬ አውቃለሁ፤ የገዛ ልጄን እጅ እንዴት ነው የማስረው? ከፊት ለፊት ነው ከኋላ? ደግሞ እሱ ረጅም ነው።

ቃሊቲ ስንወርድ አንድ ተሸካሚ ጀሪካኑን ከእጄ መነጨቀኝ።

«ማዘር፣ ምንድነው የያዙት? ነዳጅ ነው?»

«አረቄ ነው ልጄ።»

«ታዲያ እሱም ነዳጅ አይደል! ስንቱን ያስነሳል!» ብሎ አሳቀኝ። ከቤት ከወጣሁ መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ምን አስቀሽ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝኩ። የበሩ ቁልፍ አይሠራም፤ ጀሪካኑን ከበሩ ኋላ ደገፍኩበት። እኛ ነገሌ በር የሚቆለፈው ለጅብ ነው፤ እዚያ ለሰው ነው። አልጋ የምታከራየዋ ልጅ እራት አለመብላቴን አይታ የራሷን ሽሮ ከፍላ አመጣችልኝ።

«ሐዘን ላይ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

«ገና አላወቅኩም» አልኳት።

አጠገቤ ቁጭ ብላ ጉርሻ ስታጎርሰኝ ተይ አላልኳትም። ስሟን ሳልጠይቅ በማለዳ ወጣሁ፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ

ወደ ጅማ የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ መካከለኛው ወንበር ላይ ተጣበብኩ። ግቤ በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ትውከትም መጣብኝ። ፌስታል እስኪቀርብልኝ አልጠበቀም፤ የፊተኛዋን ሴትዮ ነጠላ ጫፍ አበላሸሁባት። ትሰድበኛለች ብዬ ስሸማቀቅ ሎሚ ቆርጣ እጄ ላይ አደረገችልኝና «ሽቺው። እኔም ስወርድ እንዲህ ነበርኩ፤ ስትወጪ ይተውሻል» አለች። በረሃውን ወጥተን አውቶቡሱ ሲቆም ውኃ ገዝታ ነጠላዋን ራሷ አጠበች፤ እኔ ልጠብልሽ ብል እምቢ አለች።

ጅማ ስንደርስ ዝናብ ነበር። እኛ አገር ይህን ጊዜ አቧራ ነው የሚዘንበው። ከመናኸሪያው እስከ አልጋ ቤቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይሸጣል። ሻጮቹ ሴቶች ናቸው፤ ፖሊሱም በመካከላቸው እየቀለደ ያልፋል። ክፉ ነው ደግ ነው አላልኩም፤ ዝም ብዬ አየሁ። ሌሊቱን ግን ጎኔ አልጋ አልነካም። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። ደውዬ ሞተ ቢሉኝስ? ሳልደውል ብቀርስ?

ረቡዕ

ጅማ ላይ ወደ ቦንጋ የሚወርድ ሚኒባስ ያዝኩ። ጎኔ የተቀመጠው ወጣት ፀጉሩ የተጎነጎነ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ጀሪካኑ እንዳይንከባለል በሁለት እግሮቹ መካከል ያዘልኝ። ጎጀብ ወንዝን ስናልፍ «ማዘር፣ ከዚህ ወዲያ ካፋ ነው፤ አየሩን ሳቡት፣ እሱ በነፃ ነው» አለኝ። እውነትም አየሩ ተለወጠ፤ ዛፉ በዛፍ ላይ ወጥቶ ሰማይ ጠበበ። ለነገሌ ሰው፣ ሜዳ ለለመደ፣ ያስጨንቃል። ይህ ሁሉ ጫካ ልጄን ውጦታል ማለት ነው አልኩ።

ጥቂት እንደሄድን ፍተሻ አስቆመን። ውረዱ ተባልን። አንዱ ፖሊስ የእኔን ጀሪካን ከፍቶ አሸተተ።

«የት ነው ይሄ የወጣው እናቴ?»

«ነገሌ።»

«አሃ! የነገሌ! እሱማ የታወቀ ነው» ብሎ ለጓደኛው አሳየውና ክዳኑን ገጥሞ መለሰልኝ። ቦርሳዬንም ነካካ። ገመዱን ነክቶታል፤ አልጠየቀኝም።

ቀጥሎ የልጁን ካልሲ አወለቁ። በወረቀት የተጠቀለለች ደረቅ ቅጠል ወጣች፤ የጣት ጫፍ ታህላለች። ካናቢስ ነው አሉ። የልጁ ሳቅ የት እንደሄደ አላውቅም። «ለራሴ ናት፣ በእግዚአብሔር ለራሴ ናት» ይላል። ወሰዱት። ጀሪካኔ ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ጀሪካኔን የያዘልኝ ልጅ መንገድ ዳር ቀረ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አየሁት፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው፣ ካልሲውን አልመለሱለትም።

ከኋላ ወንበር ኮት የለበሰ ሰውዬ «ይበላቸው! ትውልዱን የጨረሱት እነዚህ ናቸው። መረሸን ነው!» ብሎ ጮኸ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

ረዳቱ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ጉንጭህን አውርደህ ተናገር» አለው። መኪናው በሳቅ ሞላ።

«ጫት በሕግ የተፈቀደ ነው!» አለ ሰውየው።

«እኮ እኛስ ምን አልን? ሲፈቀድ መድኃኒት፣ ሲከለከል መርዝ።»

አንዲት ቅቤ ነጋዴ ደግሞ «ዝም በሉ እስቲ» አለች። «ያ ልጅ እናት አለችው። ዛሬ ማን ይነግራታል?»

እኔ አልሳቅኩም። ጀሪካኑ እግሬ ሥር እየተንከባለለ ነበር፤ የሚይዘው የለም።

ቦንጋ ገባን። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት፤ ቤቱ አንዱ ባንዱ ራስ ላይ የተሰቀለ ይመስላል፣ ባጃጆቹ ጭቃውን ያለምንም ፍርሃት ይወጡታል። ወይዘሮ አየለች ዝናቡ ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ቀይ፣ ፈጣን፣ አነጋገሯ ረጋ ያለ ሴት ናት። እግሬን በሙቅ ውኃ አጠበችኝ። ቆጮ በጎመን አቀረበች። ከእንሰት የሚሠራ የእነሱ እንጀራ በሉት፤ ለጥርስ ጠንከር ይላል፣ ለሆድ ግን ይከብዳል ብዬ የፈራሁትን ያህል አልከበደኝም። እያጎረሰችኝ የተመስገንን አሟሟት ነገረችኝ።

ልጆቹ የሚሠሩት አብረው፣ እንክብሉንም የሚወስዱት አብረው ነው። የዚያን ቀን የገዙት ከሌላ ሰው ነበር፤ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል። ተመስገን ከንፈሩ ጠቆረ፣ ሲጠሩት አልሰማ አለ። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ በባጃጅ ወዲያው ይደረሳል። ልጆቹ በር ዘግተው ተከራከሩ። «ብንወስደው ከየት አመጣችሁ ይሉናል፣ እንታሰራለን» አሉ። ወተት መርዝ ያረክሳል ብለው ተኝቶ እንዳለ ወተት በአፉ አንቆረቆሩ። ወተቱ ወደ ሳንባው ገባ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ በሩን ሲከፍት ልጆቹ ሸሽተዋል። ብሩክም ሸሽቷል።

«ብሩክ ነው ወተቱን የገዛው» አለችኝ። «እንቅልፍ የነሳው ያ ወተት ነው።»

ወተት መርዝ ያረክሳል ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ለእኔ፣ እኔ ለእሱ። ሁላችሁም ለልጆቻችሁ ብላችኋል።

ሐሙስ

በማለዳ ማንኪራ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። አየለች ግን «መጀመሪያ ሲስተር ትዕግስትን እናግኛት» አለች። ነርስ ናት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረስን። ልጄን አሳልፌ የምሰጠው እዚህ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፤ አየለች በመጨረሻ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

ሲስተር ትዕግስት ገና ወጣት ናት። በሩን ዘጋችና «እናቴ፣ እኔ እዚህ የምጠይቀው ምን እንዳመመው ነው። ከማን ገዛህ ብሎ መጠየቅ የእኔ ሥራ አይደለም» አለችኝ። «ስንት ይወስድ ነበር? ከተወው ስንት ቀን ሆነው?»

«ስንት እንደሚወስድ አላውቅም። ከሸሸ ወዲህ ግን የሚያገኝበት የለም።»

ፊቷ ተለወጠ። «አንድ ጊዜ ሲቋረጥም፣ ሲበዛም ያንዘፈዝፋል። ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው፣ በሐኪም ትእዛዝ። አስረው ቢያስቀምጡት በሽታው እስር ቤት አብሮት ይገባል እንጂ አይወጣም።»

አስረው ስትል ገመዱ ትዝ አለኝና ቦርሳዬን ወደ ጉያዬ ሳብኩት።

ይህን ነገር እኔ አውቀው የለ! ነገሌ ስንት ጠጪ አይተናል፤ ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ ብሎ ባንድ ቀን ሲያቆም እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ሰው እያየ የሞተ። ባሌ ጉበቱን ሲታመም በጠራራ ፀሐይ በጋሪ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ከየት ጠጣህ፣ ማን ሸጠልህ ብሎ ፖሊስ የጠራ የለም። ዳነ አልልም፣ ሞተ። ግን አልጋ ላይ፣ ሰው ከቦት፣ ካህን መጥቶለት ሞተ። ተመስገን በተዘጋ በር ሞተ።

ሲስተር የማደርገውንና የማላደርገውን አስጠናችኝ። «ቢያንዘፈዝፈው በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፣ ወተትም ውኃም። ክብሪትም አያሽትቱት። አጠገቡ ያለውን ድንጋይና እንጨት ያንሱ፣ እስኪያልፍ ይጠብቁ። ከዚያ አምጡልኝ።»

«ቢይዙትስ?» አልኳት።

የዘጋችውን በር አየች። ከዚያ «እኔ ቃል የምገባው ለዚህ ክፍል ነው እናቴ» አለች። «ለውጪው ቃል ብገባ እዋሻለሁ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ የታመመውንና የሚነግደውን ባንድ ዓይን ያያል። እኔ ብሆን እንክብሉ ሐኪም በሚያውቀው ቤት፣ ልኩ በታወቀ ይሰጥ ባይ ነኝ። እስከዚያ ግን ያለን ይሄ በር ነው።»

ዓርብ

በባጃጅ የተወሰነ ሄድን፣ ከዚያ በእግር። የማንኪራ መንገድ ጫካ ለጫካ ነው። ቡናው ማንም ሳይተክለው ከዛፍ ሥር ይበቅላል፤ ሰዎች ቀዩን እየመረጡ ይለቅማሉ። ወደ ላይ ቀና ብል ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። ማን ወጥቶ ሰቀላቸው እያልኩ አንጋጥጬ ስሄድ ሥር አደናቀፈኝና በጭቃው ላይ በሆዴ ተዘረጋሁ። አየለች ልትስቅ ብላ አፏን ያዘች። «ይሳቁ፣ ካልሳቁ እኔ ነኝ የማለቅሰው» አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አባቷ ጋሽ ገብሬ ንብ አናቢ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ እጃቸው እንደ ሥር የጠነከረ። በቤታቸው የሚነገረው የካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ነው። እሳቸውና ልጃቸው ሲያወሩ ስለ እኔ ይሆን ስለ ልጄ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። አማርኛቸው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ የእሳቸውን ቋንቋ አንድ ቃል አላውቅም፤ ማን በማን ይስቃል?

ብሩክ ከጓዳ ወጣ። ልጄ ነው ለማለት ዘገየሁ። ጉንጩ ገብቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሳምኩት። «እማ ሸተትኩሽ አይደል?» አለኝ።

«እኔ ሦስት ቀን በመኪና ተንከራትቼ የመጣሁ ነኝ፤ ማን ማንን ይሸታል?» አልኩት። ፈገግ አለ።

ምግብ ልስጠው ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ነጠላዬን አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ዳቦውን ስስብ ገመዱ ጠርዙ ላይ ተጠምጥሞ አብሮ ወጣ። ሰማያዊ፣ አዲስ፣ ገና የሱቁ ወረቀት ያለቀቀው ገመድ መሬት ላይ ተዘረጋ።

ብሩክ አየው፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ጋሽ ታደሰ ነው?» አለኝ። አጎቱን ያውቀዋል።

 ዳቦውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ተነስቶ በሩን በርግዶ ወጣና ወደ ጫካው ሮጠ። ተከትዬው ሮጥኩ፤ ጫማዬ በጭቃው ቀረ። «ብሩኬ! ልጄ! አላስርህም!» እላለሁ፤ ድምፄን ጫካው ይበላዋል። ብዙ አልራቀም። ከአንድ ዛፍ ሥር ዓይኑ ሲገለበጥ፣ ሲወድቅ አየሁት። አንዘፈዘፈው።

ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ደረሱ። አንዱ ክብሪት ለኮሰ፣ «ይሽተት፣ ይሽተት» ይላል። ሌላዋ ውኃ በቅል ይዛ መጣች። እኔ ነገሌ ብሆን ክብሪቱን ራሴ ነበር የምለኩሰው። የዚያን ቀን ግን «ተዉ! አትንኩት!» ብዬ ጮህኩ። አማርኛዬን የገባውም ያልገባውም ቆመ። በጎኑ አስተኛሁት። ከራሱ ሥር ያለውን ሥርና ድንጋይ በእጄ ዳበስኩ፣ ድንጋዩን አነሳሁ፣ በሥሩ ላይ ነጠላዬን አነጠፍኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። እናት ሆኖ ምንም ሳያደርጉ መጠበቅ!  ተመስገንንም እንዲህ የሚጠብቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ጠበቅኩ።

አለፈለት። ዓይኑን ሲገልጥ እኔን አላወቀኝም፤ ቆይቶ አወቀኝ።

«ወተት ሰጠሽኝ?» አለኝ።

«አልሰጠሁህም።»

«እኔ ለተመስገን ሰጠሁት።»

«አውቃለሁ። ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ባንተ ፈቃድ። እምቢ ካልክ እዚሁ ጭቃ ላይ አብሬህ እቀመጣለሁ፤ ጫማዬም ጠፍቷል፣ የት እሄዳለሁ?»

ማልቀስ ጀመረ። እኔም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ገብሬ ገመዱን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። በሁለት እጃቸው ጎትተው ፈተኑት።

«ይቺ ገመድ ጥሩ ነች» አሉኝ። «ለማን ነው?»

ሐፍረቴን ልትገምቱ ትችላላችሁ። ለልጄ ነው አልኳቸው፤ ምን ልበል።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ወደ ዛፎቹ ጫፍ አዩ። «እኛም ሰው እናስራለን» አሉ። «ቀፎ ልንሰቅል ስንወጣ ወገባችን ላይ ገመድ አለ። እንዳንሸሽ ነው? ብንወድቅ እንዳንሞት ነች። የእኔ ገመድ አርጅታለች።»

«ይውሰዱት» አልኳቸው። ከእጃቸው አልወጣም፤ እኔም መልሼ አላየሁትም።

ቅዳሜ

ብሩክ በጋሽ ገብሬ ትከሻ ተደግፎ መንገድ ድረስ መጣ። ባጃጅ አገኘን። ነጂው ልጅ ልጄን በመስታወት ደጋግሞ ያያል። «ጤና ጣቢያ» ስንለው «በሩ ላይ ፖሊስ አለ እኮ፤ አሁን አይቼው መጣሁ» አለ። ብሩክ ልውረድ አለ። እጄን እጁ ላይ አደረግኩ፤ አልጨበጥኩትም፣ እንዲሁ አደረግኩት። አልወረደም።

እውነትም ፖሊስ ነበር። በአንድ እጁ የያዘው ግን አንድ ሰካራም ነው፤ ግንባሩ የተፈነከተ፣ አረቄ አረቄ የሚሸት ሰውዬ። ሊያስጠግንለት ነው ያመጣው። «ቀስ በል ጋሼ፣ ደረጃ ነው» እያለ ይደግፈዋል። 

ፖሊሱ ብሩክን ሲያይ ቀና አለ። «አንተ፣ የተመስገን ጓደኛ አይደለህም?»

 ብሩክ ባለበት ቆመ። ሲስተር ትዕግስት ጓንት እንዳጠለቀች ወጣች።

«ሳጅን፣ ይሄ የእኔ በሽተኛ ነው።»

«እፈልገዋለሁ ሲስተር። ማን እንደሸጠላቸው ማወቅ አለብኝ።»

«ያንተንም በሽተኛ፣ የእናቲቱንም በሽተኛ አስገቡ። ትናንት ተንዘፍዝፏል። ጥያቄህ እስኪሻለው ይጠብቅ።»

ፖሊሱ ሰካራሙን አየ፣ ልጄን አየ። «ሳይነግረኝ አይውጣ» ብሎ መንገድ ለቀቀ። ሁለቱ በሽተኞች ጎን ለጎን ገቡ።

የጤና መኮንኑ አየውና በየቀኑ እየቀነሰ የሚወስደውን አዘዘለት። ብሩክ በሳምንቱ ውስጥ ለፖሊሱ የሚያውቀውን ተናገረ። አልታሰረም፤ ግን «ስትጠራ ትመጣለህ» ተብሏል። ነገሩ አልተዘጋም። ስልክ በጮኸ ቁጥር የምደነግጠው ለዚህ ነው።

መመለስ

አየለች «እኔ አለሁ፣ በየቀኑ እወስደዋለሁ» ብላ ካልተመለሱ አለችኝ። ቤት ክፍት ትቼ መጥቻለሁ። ማር በቅል ሞልታ ሰጠችኝ፤ አረቄውን ለአባቷ ወሰደችላቸው። ስመለስ በፍተሻው ቦታ አለፍን። ያንን ሳቂታ ልጅ በዓይኔ ፈለግኩት፤ ሌላ ሰው ነበር የሚፈተሸው። ስሙን አላውቅም፣ እናቱን አላውቃት። ከቦንጋ ይዤ የመጣሁት ይህንንም ጭምር ነው።

እናንተ እህቶቼ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። አረቄ ሰው አይጎዳም አልልም፤ ሙሉ ዕድሜዬን ሲጎዳ አይቼዋለሁ፣ ባሌን ቀብሬበታለሁ። ግን በራችን ላይ ጣሳ አለ፤ የት እንደሚሸጥ ሁሉ ያውቃል። ለሕፃን አልቀዳም፣ የበቃውን በቃህ እለዋለሁ፣ ከወደቀ ጎረቤት ተሸክሞ ያስገባዋል። የልጄ እንክብል ጣሳ የለውም። በቃህ የሚለው የለም፤ ሲወድቅ በር ይዘጋበታል። ክፉውን ነገር በጨለማ ስላስቀመጥነው አልቀነሰም። ፖሊስ የሚነግደውን ይፈልግ፤ የታመመውን ለሐኪም ይተውልን። ልጃችሁን እንዲህ ያገኘው እንደሆነ በሩን ክፈቱ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ወተቱን ተዉት።

በተመለስኩ ማግስት ማታ ጋሽ ታደሰ መጣ። ቀዳሁለት።

«አሰርሽው?»

«አላሰርኩትም።»

«ለፖሊስም አልሰጠሽውም? ገመዱስ?»

«ገመዱ ለቀፎ ሆነ።»

«አየሽ? የሴት ነገር! ሱሰኛ ይታዘንለታል? ሱሰኛ አስሮ ነው እንጂ!» አለና መለኪያውን ጨልጦ ድገሚኝ ብሎ ዘረጋ።

እጁን አየሁ። ሳይጠጣ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ከጠጣ እንደሚረጋ ስንት ዘመን አይቻለሁ።

«እርስዎንስ ጋሼ» አልኩ፣ «ለማን ልስጥዎት?»

መለኪያው እጁ ላይ ቀረ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ ጠጪዎች መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ እንደ ልማዴ ደነገጥኩ። ብሩክ ነው።

«እማ፣ ሲስተር ዛሬ ወደ ግማሽ አወረደችልኝ። ደህና ነኝ። የዛሬውን እውነቴን ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ጋሽ ታደሰ መለኪያውን አላስቀመጠም።

«ምን አለ?»

«ግማሽ ደርሷል አለ።»

 ከዚያ መለኪያውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣

«እስቲ የእኔንም ግማሽ አድርጊው» አለኝ።